ቱ ዊል ፒካፕ ላይ ተለቅ ያለ ጎማ መግጠም፦ መኪናዋ ከፍ ሳትደረግ

ቱ ዊል ፒካፕ (ሞተሩ የኋላ ሁለት ጎማዎቿን ብቻ የሚያሽከረክራት) ከፋብሪካ የምትወጣበት ጎማ ብዙ ጊዜ ለዓይን አይሞላም። ጋቢናውም ካሶኒውም ትልቅ ሆኖ ከታች የቤት መኪና ጎማ የገባ ይመስላል። ታዲያ ባለቤቷ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ቁጥር ይገባላታል?" ብሎ ነው። ሰው ደግሞ መልስ አያጣም። አንዱ 235 ይገባል ይላል፣ ሌላው የኔ ላይ 31 ገብቷል ይላል። የእነሱ ላይ መግባቱ ግን የእናንተዋ ላይ ለመግባቱ ዋስትና አይሆንም። የቸርኬው ስፋት፣ የሞላው እርጅና፣ ከጎማው ኋላ የተንጠለጠለው የጭቃ መከላከያ፣ ከዚህ በፊት ተጋጭታ የተሠራች መሆኗ፣ ሁሉም ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰጣሉ ወይም ይወስዳሉ። ጭቅጭቁ ሁሉ ደግሞ በዚያችው ጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ልኬት፣ ከዚያ ግዢ።

አንድ ነገር ቀድመን እንለይ። ቱ ዊል ሆነው ቁመታቸው ከፎር ዊሉ ጋር የሚቀራረብ ፒካፖች አሉ። የፎርድ ሬንጀር ሃይ-ራይደር እና የቶዮታ ታኮማ ፕሪራነር እንደዚያ ናቸው። እነሱ የፎር ዊሉን ጎማ ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር ይቀበላሉ፣ ስለዚህ ይህ መመሪያ ብዙም አይጠቅማቸውም። የተጻፈው ዝቅ ብላ ለተሠራችው ነው፤ ሞላዋም ባሌስትራዋም (ከኋላ ያለው ተደራራቢ የላሜራ ሞላ) ሳይነካ ጎማ ብቻ ለሚያድግላት።

1. ቁጥሩን አንብቡ፣ ሒሳቡን ሥሩ

በጎማው ጎን ላይ 215/70 አር 15 ተጽፏል እንበል። 215 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 70 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱን 70 በመቶ ያህላል ማለት ነው። 15 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። ሙሉ ቁመቱን ለማግኘት 15ን በ25.4 አባዙ፣ 381 ይመጣል። 215ን በ0.70 ስታባዙ ደግሞ 150.5 ታገኛላችሁ። ጎን ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ይደመራል፣ 301 ማለት ነው። በድምሩ 682 ሚሊ ሜትር።

አሁን ያሰባችሁትን ጎማ በዚሁ መንገድ አስሉት። 225/75 አር 15 ከሆነ 718.5 ይመጣል። 235/75 አር 15 ከሆነ 733.5። የመጀመሪያው ከፋብሪካው በ36.5 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ይህም 5.4 በመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛው በ51.5 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በ7.6 በመቶ ገደማ። ወደፊት የምናወራው ሁሉ ከነዚህ ቁጥሮች ስለሚመዘዝ የእናንተን ወረቀት ላይ ጻፉት።

ሰው ቶሎ የማያስተውለው ነገር እዚህ አለ። መኪናዋ ከመሬት የምትነሳው የልዩነቱን ግማሽ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ሌላው ግማሽ ከአክሱ በላይ ነው የሚሄደው። 225/75 ስትገጥሙ የምታተርፉት 18 ሚሊ ሜትር ነው። 235/75 ላይ 26 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በድንጋያማ መንገድ ሆዷ አልፎ አልፎ ይነካ ለነበረች መኪና ይህም ቀላል አይደለም፣ ፎር ዊል ግን አያደርጋትም። ያው ግማሽ ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው ላሜራ) ውስጥ ቦታ ይበላል። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚበላው ከስፋቱ ነው፤ ስፋቱ በ10 ሚሊ ሜትር ካደገና ቸርኬው ካልተቀየረ 5 ወደ ውስጥ፣ 5 ወደ ውጭ ይገፋል።

ስለ 31ም እግረ መንገዳችንን እናንሳው። 31 በ10.50 አር 15 የሚባለው ጎማ (ቁጥሮቹ በኢንች ናቸው) በስም 787 ሚሊ ሜትር ቁመትና 267 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ከምሳሌያችን የፋብሪካ ጎማ በ105 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ማለትም በየአቅጣጫው ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ። ዝቅ ያለች ቱ ዊል ላይ ምንም ሳይቆረጥ ገባ የሚለኝን ሰው እኔ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረህ ጉድጓድ ላይ አስገባትና አሳየኝ ነው የምለው።

2. የምትከፍሉትን አስቀድማችሁ እወቁ

ይህ ሁሉ በነጻ አይመጣም። ጎማው 5.4 በመቶ ሲያድግ በእያንዳንዱ ዙር የሚሄደው መንገድ በዚያው ልክ ይረዝማል። ፍጥነት ማሳያው 100 ሲል እናንተ 105 አካባቢ እየሄዳችሁ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ትንሽ አስበልጦ ስለሚያሳይ የተወሰነው ይካካሳል፣ ሁሉም ግን አይደለም። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ማሳያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፣ ስለዚህ ከኋላ ሆኖ የሚከተላችሁ ቅጣት ብቻ ሳይሆን የምርመራ ጣጣም ሊሆን ይችላል።

ጉልበቷም ይቀንሳል። የዲፈረንሻሏ የጥርስ ምጣኔ 4.10 ከሆነ በ225/75 ጎማ 3.89 እንደሆነ ያህል ትነዳለች። አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ረጋ ስለሚል ደስ ይላል። ዳገት ላይ ተጭና ስትነሳ ግን ፍሪሲዮኑ ይበልጥ ይለፋል፣ በአምስተኛ ትወጡት የነበረውን በአራተኛ ትወጡታላችሁ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት ደግሞ ማርሽ ላይ ስታመነታ ትሰማላችሁ። ፍሬኑም እንዲሁ ነው፤ ፔዳሉን በበፊቱ ጉልበት ስትረግጡ መሬት ላይ የሚደርሰው የመያዝ ኃይል በዚያው መቶኛ ይቀንሳል፣ ጎማው ከብዶ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሞተሯ ትንሽ ሆኖ ሁልጊዜ ጭነት ለምትሠራ መኪና እኔ 5 በመቶ አካባቢ ላይ ባቆም እመርጣለሁ።

3. ክፍተቱን ለኩ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ ግማሽ ቀን ስጡት። የሚያስፈልገው ሜትር፣ ጠመኔ፣ የእጅ ባትሪ፣ ወፍራም ካርቶን፣ ክሪክና መደገፊያ፣ እንዲሁም መሪ የሚይዝላችሁ አንድ ሰው ነው። ሰው ጎማና ብረት መሃል እጁን አስገብቶ ሳለ ሞተር አይነሳም፣ መሪም አይዞርም። ይህን ከረዳታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጎማው ቀጥ ብሎ ሲቆም ክፍተቱ ሰፊ ሆኖ ይታያል። አትታለሉ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙሩና ወርዳችሁ እዩ። የግራው ጎማ የፊት ጠርዝ ወደ ውጭ ወጥቶ የፓራውርቱን ጥግና የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ ይጠጋል። የኋላ ጠርዙ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ሻንሲውንና የታችኛውን ክንድ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ብረት) መያዣ ይጠጋል። የቀኙ ጎማ ተቃራኒውን ይሠራል፤ የፊት ጠርዙ ወደ ሻንሲው ይገባል፣ የኋላ ጠርዙ ወጥቶ ከበሩ ስር ያለውን የላሜራ መጋጠሚያ ይጠጋል። ያቺ ሁለት ላሜራ ተጣብቆ እንደ ስለት የቆመበት ቦታ ብዙ ጎማ በልታለች። ከዚያ መሪውን ወደ ቀኝ አዙራችሁ ሁሉንም እንደገና እዩ፣ ግራና ቀኝ አንድ ነው ብላችሁ አትዝለሉ።

በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ላይ አራት ቦታ ለኩ። ከፊት ያለው ፕላስቲክና ፓራውርት፣ ከኋላ ያለው መጋጠሚያ፣ ከውስጥ ያለው ሻንሲ፣ ክንድና የፍሬን ቱቦ፣ ከላይ ያለው የፓራፋንጎ ጣሪያ። መሪው ቀጥ ብሎ፣ ግራ ዞሮ፣ ቀኝ ዞሮ። ሜትር በማይገባበት ቦታ ካርቶን እየቆረጣችሁ ልክ እስኪሆን ሞክሩ፣ ከዚያ ካርቶኑን ለኩ። የምትይዙት ከሁሉም ትንሹን ቁጥር ነው። ከሱ ላይ ጎማው ወደዚያ አቅጣጫ የሚያድገውን ቀንሱ። ብረት ባለበት ቦታ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር እንዲተርፍ ነው የምፈልገው። የፍሬን ቱቦ አጠገብ ከዚያ በላይ። ፕላስቲክ ከሆነ ትንሽም ቢቀር መላ አለው፣ ኋላ ላይ እንመጣበታለን።

አንድ ቦታ ለብቻው ልዩ ነው። በአንዳንድ ፒካፖች የፊቱ የላይኛው ክንድ ጫፍ ከጎማው በላይ ነው የሚያርፈው፣ ጎማው ከስሩ ተጠግቶ ይዞራል። ያ ክፍል ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ክፍተቱ ጉድጓድ ላይም ጭነት ላይም አይለወጥም። ጥሩነቱ ዛሬ የለካችሁት ነገም ያው መሆኑ ነው። መጥፎነቱ ደግሞ ምንም ማድረግ አይቻልም። ብረቱ አይቆረጥም፣ አይቀጠቀጥም። እዚያ ጋ 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ካላችሁ ወደ ላይ በ18 የሚያድግ ጎማ አይታሰብም፣ ሌላው ቦታ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን።

ቀጥሎ መኪናዋ ስትወርድ ያለውን እዩ። ሜዳ ላይ ቆማ የተለካ ክፍተት ጉድጓድ ላይ የለም። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የማይሰበር እንጨት አዘጋጁና አንድ የፊት ጎማ ላዩ ላይ በቀስታ አውጡ፣ ካላችሁ በሰያፍ ያለውን የኋላ ጎማም ሌላ እንጨት ላይ አውጡት። የእጅ ፍሬኑን ስባችሁ የቀሩትን ጎማዎች በሽብልቅ ያዙ። አሁን እንጨት ላይ ያለው ጎማ ወደ ፓራፋንጎው ገብቷል። መሪውን አዙራችሁ እንደገና ለኩ። ብዙ "ይገባል" የተባለ ጎማ የሚወድቀው እዚህ ፈተና ላይ ነው።

ከኋላ ነገሩ ይቀላል፣ ጎማው አይዞርማ። ሁለት ነገር ብቻ እዩ። አንደኛ በጎማው የውስጥ ጎንና በባሌስትራው መሃል ያለውን ክፍተት፤ ይህን የሚበላው ስፋት ነው። ሁለተኛ ጭነት። ከአክሱ እስከ ጎሚኒው፣ ማለትም አክሱ ወደ ላይ ሲመጣ እስከሚያቆመው ላስቲክ ድረስ ስንት ሚሊ ሜትር እንዳለ ለኩ። ከዚያ ከጎማው አናት እስከ ካሶኒው ላሜራ ድረስ ለኩ። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ቀንሱ፣ የጎማውን የቁመት ልዩነት ግማሽም ቀንሱ። ላስቲኩ ራሱ ስለሚጨመቅና አንድ ጎን ብቻ ሲወርድ አክሱ ስለሚያጋድል ቢያንስ ሌላ 20 ሚሊ ሜትር እንዲተርፍ አድርጉ። ምሳሌ፦ አናቱ ላይ 160 አለ፣ ከአክስ እስከ ጎሚኒ 90 ነው፣ የጎማው ልዩነት ግማሽ 18 ነው። 52 ይተርፋል፣ ተረጋግታችሁ ተኙ።

4. ቁጥሩን ስትመርጡ ቁመት ብቻ አትዩ

ከቁመቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የመሸከም አቅሙ ነው። ከጎማው ልክ ቀጥሎ 109 ወይም 102 የሚል ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር የክብደት መለያ ነው። 109 ማለት አንዱ ጎማ 1,030 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። 105 ማለት 925 ኪሎ፣ 102 ማለት 850 ኪሎ፣ 100 ማለት 800 ኪሎ። ብዙ ቱ ዊል ፒካፖች ከፋብሪካ የሚመጡት መጨረሻው ላይ "ሲ" የሚል ፊደል ባለው የጭነት ጎማ ነው። 215/70 አር 15 ሲ 109 ሊል ይችላል። ከዚያ ወጣ ብላችሁ ትልቅ፣ ወፍራም፣ ጥርሱ የሚያምር 235/75 አር 15 ትገዛላችሁ፣ ቁጥሩን ስታዩት 105 ነው። ጎማው አደገ፣ አቅሙ ግን በየጎማው 105 ኪሎ ወረደ። የኋላ አክሷ ላይ የተፈቀደው ክብደት በር ላይ ወይም ሞተር ክፍል ውስጥ ባለው ሰሌዳ ተጽፏል። ለሁለት ከፍላችሁ ጎማው ከዚያ በላይ መቻሉን አረጋግጡ። ከፋብሪካው ቁጥር ባይወርድ ደግሞ ይመረጣል።

ጥርሱም ቦታ ይበላል። የጭቃ ጎማ ትከሻው ላይ ወጣ ወጣ ያሉ ብሎኮች አሉት፣ ስለዚህ ያው ቁጥር ተጽፎበትም ከመንገድ ጎማ ሰፍቶ ይገኛል። ክፍተታችሁ ጠባብ ከሆነ ትከሻው ክብ ያለ፣ ለአስፋልትም ለፒስታም የሚሆነውን ዓይነት ምረጡ። ጎማ አምራቾች ለእያንዳንዱ ልክ ትክክለኛውን ቁመትና ስፋት በሠንጠረዥ ያወጣሉ። በሒሳብ ያገኛችሁትን ከዚያ ጋር አመሳክሩ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወዲህ ወዲያ ማለቱ የተለመደ ነው። እዚያው ሠንጠረዥ ላይ ጎማው ከስንት እስከ ስንት ኢንች ስፋት ባለው ቸርኬ እንደሚገባም ተጽፏል። 225/75 እና 235/75 ባለ 6 ኢንች ቸርኬ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳሉ፣ 235 ግን ጠባቡ ጫፍ ላይ ስለሆነ ጎኑ ትንሽ ያብጣል።

ቸርኬ ልቀይር የሚል ካለ፣ ኢቲ የሚባለውን ቁጥር (የቸርኬው ማሰሪያ ፊት ከቸርኬው መሃል ያለውን ርቀት፣ በሚሊ ሜትር) ይይ። ቁጥሩ ሲቀንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከ35 ወደ 20 ከሄዳችሁ 15 ሚሊ ሜትር ወጣ ማለት ነው። ከውስጥ ሻንሲ የሚነካ ከሆነ ያድናል። ነገር ግን መሪው ሲዞር የጎማው ጠርዝ የሚያዞረው ክብ ስለሚሰፋ ፓራውርቱንና የበሩን ስር ይበልጥ ይነካል። ስፔሰርም (ከቸርኬው ጀርባ የሚገባው ቀለበት) የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መሪው ይከብዳል፣ ኩሽኔታውም ተጨማሪ ጭነት ይሸከማል። በኔ እይታ ለዝቅተኛ ቱ ዊል የፋብሪካው ቸርኬ ላይ መቆየት ከሁሉም ይሻላል፣ ሰውም ስፔሰርን ከሚገባው በላይ ያምነዋል።

ቱ ዊል ስለሆነች ከፊትና ከኋላ የተለያየ ቁመት ብትገጥሙ እንደ ፎር ዊል ካምቢዮ አይሰበርም። ስለዚህ "ከኋላ ትልቅ፣ ከፊት የድሮው" የሚል ፈተና ይመጣል፣ ከኋላ ቦታ አለና። ኤቢኤስ ወይም የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ያላት መኪና ላይ አታድርጉት። እነዚህ ሲስተሞች የአራቱን ጎማ ፍጥነት እያነጻጸሩ ነው የሚሠሩት፣ የማያቋርጥ ልዩነት ሲያዩ ይደናገራሉ። አራቱም አንድ ይሁኑ።

5. በአንድ ጎማ ሞክሩ

አራቱንም ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ብቻ ቸርኬ ላይ አስገብተው እንዲሞክሩላችሁ ጠይቁ። ያ ልክ ያለው ሰው ካለ ጎማውን ለአንድ ሰዓት መዋስም ይቻላል፣ የብሎኑ ቁጥርና ርቀት ከገጠመ። የተሞከረው ጎማ የምትገዙት ዓይነት ካልሆነ ግን የጥርሱን ልዩነት አስቡበት።

ስትገዙ ዕድሜውንም እዩ። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2324 ማለት በ2024 በ23ኛው ሳምንት።

ሙከራው ፊት ላይ ነው። ጎማውን አስራችሁ ትከሻውን ዙሪያውን በጠመኔ ቀቡት። መሪውን እስከ መጨረሻው እያዞራችሁ ባዶ ቦታ ላይ በቀስታ ወደ ፊት ሂዱ፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ወደ ኋላ የሚለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፍሬን ስትይዙ የክንዱ ላስቲኮች ስለሚለጠጡ ጎማው ጥቂት ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ፊት እየሄዳችሁ ስትይዙ ወደ በሩ፣ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ስትይዙ ወደ ፓራውርቱ። ፓርክ ስታደርጉ ብቻ የሚሰማ "ክርር" የሚል ድምፅ ምንጩ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ከዚያ መሪው ዞሮ እያለ አንድ ጎን እብጠት ላይ አውጡ። ወርዳችሁ ጠመኔው የት እንደታተመ ፈልጉ። ነጭ ያለበት ቦታ ሁሉ ነክቷል።

6. ከነካ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ

መጀመሪያ የጭቃ መከላከያውን ላስቲክ አስወግዱ ወይም ወደ ኋላ አዛውሩት። አንዳንዴ ችግሩ በሙሉ እሱ ነው።

ቀጥሎ የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ አለ። ከጀርባው ብዙ ጊዜ ባዶ ቦታ አለ። በሙቅ አየር መንፊያ አለስልሱት፣ ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ በእንጨት ወደ ኋላ ግፉት፣ እስኪቀዘቅዝ ያዙት። ጭስ ካወጣ አቃጥላችሁታል፣ መንፊያውን አርቁ። ከጀርባው የመብራት ገመድ ወይም የመስታወት ውኃ ማጠራቀሚያ ሊኖር ስለሚችል ክሊፑን ነቅላችሁ ሳታዩ ሙቀት አትጀምሩ። ተመልሶ እንዳይመጣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ወደ ጀርባ አስሩት። የፓራውርቱ ጥግ ፕላስቲክ ከሆነና ጠርዙ ብቻ ከነካ፣ ቴፕ ለጥፋችሁ መስመር አስምሩና ከመስመሩ ትንሽ አሳንሳችሁ ቁረጡ። የተቆረጠ አይመለስም፣ እንደገና መቁረጥ ግን ይቻላል።

በበሩ በኩል ብቻ ከነካና ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሆነ ዊል አላይመንት የሚሠራ ባለሙያ ያግዛል። የታችኛው ክንድ ማስተካከያ ብሎን ያላቸው መኪኖች ላይ ካስተሩን (መሪው ሲዞር ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ያለውን ዘንበል) በተፈቀደው ወሰን ውስጥ ሲጨምር ጎማው ራሱ ትንሽ ወደ ፊት ይመጣል። የሚገርመው ከአምስት ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ለውጥ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ሲያጠፋው ይታያል።

ጫፍ ላይ ብቻ የሚነካ ከሆነ የመሪ ማቆሚያ ብሎን አለ። ጎማው የሚዞርበት ብረት ላይ ተቀምጦ መሪው የት ድረስ እንደሚዞር የሚወስነው እሱ ነው። ዳዶውን ፈትታችሁ ብሎኑን በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር አውጡት፣ ግራና ቀኝ እኩል። ዋጋው መኪናዋ ለመዞር ሰፋ ያለ ቦታ መጠየቋ ነው። ጠባብ ቦታ የምትውል ከሆነ በየቀኑ ታስታውሱታላችሁ።

የበሩ ስር መጋጠሚያ የመጨረሻው ነው። በመዶሻ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ከጀርባው ገመድና ቱቦ አለመኖሩን እዩ፣ ቀለሙ ሲፈነካከት ወዲያው ጸረ-ዝገት ቀብታችሁ ማሸጊያ አድርጉበት፣ አለዚያ በሚቀጥለው ክረምት ዝገቱ ከበሩ ስር ይወጣል። ሻንሲ፣ ክንድና የመሪ ዘንግ ግን አይቆረጡም፣ አይሞረዱም። እነሱን የነካ ጎማ ለመኪናዋ ትልቅ ነው፣ አንድ ልክ ውረዱ።

7. ግጠሙ

የቸርኬው ጀርባና የሚያርፍበት ፊት በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ። ዝገት ወይም ጭቃ መሃል ከቀረ ብሎኑ ኋላ ላይ ይላላል። ዳዶዎቹን በእጅ አስገቡ፣ መኪናዋ በክሪክ ሳለች አንዱን ከዚያ ተቃራኒውን እያላችሁ ለዘብ አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ካወረዳችኋት በኋላ በቶርክ ሬንች ጨርሱት። ልኩ በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ አለ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ፈትሹ።

አራቱም ባላንስ ይደረጉ። ከባድ ጎማ ላይ ትንሽ ስህተት መሪው ላይ ጎልቶ ይሰማል፣ በተለይ ከ80 እስከ 110 ባለው ፍጥነት። ከዚያ ዊል አላይመንት።

ንፋሱን በሩ ላይ ካለው ቁጥር ጀምሩ፤ ያ ቁጥር ግን የተጻፈው ለድሮው ጎማ ነው። የጎማው ዓይነት ከተቀየረ፣ ለምሳሌ ከተራ ጎማ ወደ ኤልቲ (ለቀላል ጭነት መኪና የሚሠራ ጎማ)፣ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከፍ ያለ ንፋስ ይፈልጋል፣ የአምራቹን ሠንጠረዥ እዩ። ከዚያ በቤት ፈትሹት። ጥርሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የጠመኔ መስመር አስምሩና ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ትንሽ ንዱ። መሃሉ ብቻ ከጠፋ ንፋሱ በዝቷል፣ ዳርና ዳሩ ከጠፋ አንሷል። ይህን ባዶዋን ብቻ ሳይሆን ተጭናም አድርጉት፣ ካሶኒ ላይ 500 ኪሎ ሲወጣ የኋላው መልስ ይለወጣል። ከጎማው ጎን ላይ ካለው ከፍተኛ ቁጥር በላይ ግን በምንም ምክንያት አይሞላም።

የመጀመሪያውን ሙሉ ጭነት ስትጭኑ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ቁሙና አራቱንም ፓራፋንጎ በእጅ ባትሪ እዩ። አዲስ የተወለወለ መስመር ወይም የጎማ ዱቄት ካለ እዚያ ጋ ይነካል።

8. ፍጥነት ማሳያውና ስኮርታው

ስልክ ላይ ባለ ጂፒኤስ ቀጥ ባለ መንገድ በ50፣ በ80 እና በ100 ከማሳያው ጋር አነጻጽሩ። አዳዲስ መኪኖች ላይ በኮምፒውተር የጎማ ልክ ማስገባት የሚቻልባቸው አሉ። በገመድ የሚሠራ ማሳያ ያላቸው አሮጌዎች ላይ ደግሞ ካምቢዮው ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ በሌላ ቁጥር ትቀየራለች። ካልተስተካከለ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አሳንሶ ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ ነዳጅ ስትለኩ የሄዳችሁትን በ1.05 አባዙ። "ጎማ ከቀየርኩ ወዲህ ነዳጅ በላች" የሚባለው ቅሬታ ግማሹ ይህችው ያልተባዛች ቁጥር ናት። ግማሹ ግን እውነት ነው፣ ከባድ ጎማ ነዳጅ ይበላል። የዘይት መቀየሪያ ጊዜም እንዲሁ ይረዝማል፣ ቀደም አድርጉት።

ስኮርታው (ተጠባባቂው ጎማ) በአብዛኛው ካሶኒ ስር በሰንሰለት ወይም በገመድ ነው የሚንጠለጠለው። አዲሱ ልክ እዚያ ይግባ አይግባ ለኩ፣ በተለይ የጭስ ማውጫውን፣ ዲፈረንሻሉንና የኋላ ፓራውርቱን። ጭስ ማውጫ የሚጠጋ ከሆነ አይሆንም። ካልገባ የድሮውን ልክ ስኮርታ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ አጠቃቀሙ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። የኋላ ጎማ ሲፈነዳ ትንሹን ስኮርታ እዚያው ከኋላ አትሰሩት፤ ግራና ቀኝ ቁመታቸው ስለሚለያይ ዲፈረንሻሉ ቀጥታ መንገድ ላይም ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ የመንሸራተት መከላከያ ያለው ዲፈረንሻል ከሆነ ደግሞ ይግላል፣ ያልቃልም። ከፊት አንዱን ትልቅ ፈትታችሁ ወደ ኋላ ውሰዱ፣ ትንሹን ከፊት እሰሩ። ክሪክ ሁለት ጊዜ መግባት አለበት። መሪው ወደ አንድ ጎን ስለሚስብና የኤቢኤስ መብራት ሊበራ ስለሚችል በቀስታ እስከ ቅርቡ ጎሚስታ ድረስ ብቻ ንዱ።